ለድባቴ ቤት እዝን ማን ያመጣል?

ሐዘን የገባበት ቤት ምድጃ አይነድም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጎረቤት ይነሳል። አንዷ ወጥ ትሠራለች። አንዷ እንጀራ በመሶብ ይዛ ትመጣለች። ሌላው የታሸገ ውኃ ተሸክሞ ይገባል። እዝን እንለዋለን። ሐዘንተኛው «አልበላም» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን ቆርሶ፣ አጥቅሶ ያጎርሰዋል። «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» ይለዋል። ማንም ሰው «ለምን ተነስተህ አታበስልም?» ብሎ አይጠይቀውም።

ድባቴ የያዘው ሰው ቤትም ምድጃው አይነድም። እዚያ ግን እዝን ይዞ የሚሄድ የለም። የሚሄደው ምክር ነው። «ብላ እንጂ!» «ራስሽን አትጣይ!» አሁን አሁን ደግሞ «ሙዝ ለድብርት መድኃኒት ነው» የሚል ቪዲዮ በስልክ ይላካል።

ምግብና ድባቴ ግንኙነት አላቸው። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም፤ በደንብ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ጥናቶቹ የሚሉትና ቪዲዮዎቹ የሚሉት ለየቅል ነው። ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ቪዲዮ አይቶ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው አውቃለሁ። ከሦስት ወር በኋላ የባሰ ቦታ ላይ ነው ያገኘነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ደብሮኛል» ያልነው ሁሉ ድባቴ አይደለም። ደሞዝ ሲያልቅ፣ ፍቅር ሲበላሽ፣ ክረምቱ ሲረዝም ይደብራል። ከዚያ ያልፋል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ይዞ የሚውል ነው። ስሜት ይወድቃል። ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ለዛ ያጣል። እንቅልፍ ይዛባል። አቅም ይከዳል። ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል። «ለማንም አልጠቅምም» የሚል ስሜት ይነግሣል። አንዳንዱ ስለ ሞት ማሰብ ይጀምራል። የምግብ ነገርም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ብዙው ሰው እህል አልወርድ ይለዋል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ጣፋጩን፣ ዳቦውን፣ ብስኩቱን ያለ ልክ ይበላል።

ልብ በሉ። ይህ ሕመም ገበያ ለመውጣት፣ ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ድስት ጠብቆ ለመብላት የሚያስፈልገውን ጉልበት ራሱን ነው የሚወስደው። ስለዚህ «ጤናማ ምግብ ለድባቴ ይረዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ማን ያብስለው?» የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ከጠየቁት መካከል አውስትራሊያውያን ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ፌሊስ ጃካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበትን ጥናት ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና ሥጋ ያለበትን የአገሩን የቆየ አመጋገብ የሚከተሉ ሴቶች ላይ ድባቴና ጭንቀት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት። ስሜታቸውን ያበላሸው ምግቡ ነው? ወይስ ስሜታቸው ስለተበላሸ ነው ጥሩ መብላት ያቆሙት? እንዲህ ያለው ጥናት ይህን መለየት አይችልም።

ለመለየት ሰዎችን በዕጣ መክፈል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው «ስማይልስ» የተባለው ጥናት ያደረገው ይህንን ነው። መካከለኛና ከባድ ድባቴ ያለባቸው፣ አመጋገባቸውም ደካማ የሆነ 67 ሰዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ ቀድሞውኑ መድኃኒት ይወስዱ ወይም የንግግር ሕክምና ይከታተሉ ነበር። ይህን አስምሩበት፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 33ቱ በ12 ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር እየተገናኙ አመጋገባቸውን ቀየሩ። 34ቱ ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። ስለሚወዱት ነገር ያወሩ ነበር፤ ወሬ ያልሆነለት ካርታ ይጫወት ነበር።

የተሰጣቸው አመጋገብ የሜዲትራኒያን አካባቢ ሰዎችን የሚመስል ነው። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ኦቾሎኒና መሰል ፍሬዎች፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ የወይራ ዘይት። ሥጋም አልተከለከለም፤ ቀይ ሥጋ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በልኩ ይበሉ ነበር። የተቀነሰው ጣፋጭ፣ የተጠበሰ፣ ለስላሳ መጠጥና የተቀነባበረ ሥጋ ነው። እንዲከሱም አልተጠየቁም። ክብደታቸውም ያን ያህል አልተለወጠም።

ውጤቱ? ጥናቱን ከጨረሱት ውስጥ፣ ከምግብ ቡድኑ 32 በመቶው ድባቴ ከሚባልበት መለኪያ በታች ወረዱ። ከጨዋታው ቡድን 8 በመቶ ብቻ። በሰው ቁጥር ከ31ዱ 10፣ ከ25ቱ ደግሞ 2 ማለት ነው።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ጥናቱ ትንሽ ነው። አዘጋጆቹ 176 ሰው ለማሳተፍ አቅደው 67 ብቻ ነው ያገኙት። ደግሞም ሰው የሚበላውን ያውቃል። ክኒንን በሚመስል ባዶ ክኒን መተካት ይቻላል፤ ሰላጣን በሐሰተኛ ሰላጣ መተካት ግን አይቻልም። «ይሻለኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው በመጠበቁ ብቻ ጥቂት ሊሻለው ይችላል። ከዚያም ሌላ፣ የተመረጡት አመጋገባቸው መጥፎ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ድሮም ደህና ለሚበላ ሰው ያው ውጤት ይመጣል ማለት አይደለም። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ከዚያ በኋላ በዚያው በአውስትራሊያ ወጣቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይተዋል። አንደኛው ሦስት ሳምንት ብቻ የፈጀ ነው። 76 ወጣቶች ተሳትፈውበት፣ አመጋገባቸውን የቀየሩት የድባቴ ምልክታቸው ቀንሷል። (እርድና ቀረፋ በአብዛኞቹ ቀናት እንዲጨምሩ ተነግሯቸው ነበር። እኛ ቤት ሁለቱም አይጠፉም። ግን ለውጡ በእነሱ ነው የመጣው የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት፤ ተለይተው አልተፈተሹም።)

የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ላይ አመጋገብን፣ እንቅልፍንና እንቅስቃሴን ከሕክምናው መሠረት ጋር አስቀምጧቸዋል። መሠረት ነው ያላቸው። ቤቱን በሙሉ አላላቸውም።

አሁን ወደዚያ አስምሩበት ወዳልኩት ልመለስ። በስማይልስ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ ሕክምና ላይ ነበሩ። ምግቡ የተጨመረው በሕክምናው ላይ ነው። «ክኒኑን ተዉና ጎመን ብሉ» የተባለ ሰው የለም። ስለዚህ ይህን ጥናት እየጠቀሰ መድኃኒት አቁሙ የሚል ሰው ጥናቱን አላነበበውም፤ ወይም አንብቦ እያወቀ እያሳሳተ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው። የምግብ ቡድኑ አባላት «ይህን ብሉ» ተብለው ወረቀት ተሰጥቷቸው አልተሰናበቱም። መጀመሪያ ሲመጡ አስቤዛ በዘንቢል ተሰጣቸው። የአሠራር መመሪያና የምግብ ዕቅድም አብሮ ነበረው። በየቀጠሮው ምን እንደከበዳቸው ተጠየቁ። ትንሽ ትንሽ ግብ አብረው አወጡ። እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? በሳይንስ ስም የመጣ እዝን አይደለም?

ክኒን ሆኖ ሲመጣ

ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ምግቡ የሚረዳ ከሆነ ለምን ንጥረ ነገሩን በክኒን አልውጠውም?» ይህም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ የአውሮፓ ጥናት በአራት አገሮች 1025 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ ቀላል የድባቴ ምልክት ያለባቸው፣ ግን ገና ድባቴ ያልያዛቸው ሰዎች ናቸው። ለግማሾቹ ኦሜጋ 3፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሊክ አሲድና ሴሌኒየም በአንድ ላይ ተሰጣቸው። ድባቴን አልተከላከለላቸውም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ለብቻው ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ፣ አምስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ተሞከረ። ከባዶው ክኒን የተለየ ነገር አልታየም።

በዚያው በአውሮፓው ጥናት ስለ አመጋገብ የተሰጠው ሥልጠናም ድባቴን በግልጽ መከላከል አልቻለም። ይህንንም መደበቅ አይገባም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ገና ላልታመመ ሰው ስለ ምግብ ማስተማርና ለታመመ ሰው ከሕክምናው ጋር ምግቡን ማስተካከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ምልክት የታየው በሁለተኛው ላይ ነው።

የሙዙን ወሬም እዚሁ እንጨርሰው። «ሙዝ ሴሮቶኒን አለው፣ ሴሮቶኒን ደስታ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሙዝ ብሉ» ይባላል። ሴሮቶኒን በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ነው። ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን መኖሩ እውነት ነው። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን አብዛኛው፣ 90 በመቶ ገደማ፣ የሚገኘው አንጀት አካባቢ መሆኑም እውነት ነው። ግን በደም የሚዞረው ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም። አንጎል የራሱን እዚያው ይሠራል። ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ብሉት። በዚህ ምክንያት ግን አይደለም።

ታዲያ ምግብ በየት በኩል ነው ስሜትን የሚነካው? ተመራማሪዎች በዋናነት ሁለት መንገዶችን ያያሉ። አንዱ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚነድ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ራሱን ሲከላከል የሚፈጥረው መቆጣት ነው። ድባቴ ካለባቸው ሰዎች በከፊሎቹ ደም ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ ይገኛል። ጥሩ አመጋገብ ደግሞ ያንን ያበርዳል። ሌላው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ቀለባቸው አሰር (ፋይበር) ነው። አሰሩ የሚገኘው ከጥራጥሬ፣ ካልተፈተገ እህልና ከአትክልት ነው። ሲመገቡ የሚያወጡት ነገር ከአንጀት አልፎ ለሌላው ሰውነትም ይተርፋል። አማርኛችን «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆደ ቡቡ» ሲል ሐዘንን ሆድ ውስጥ ያስቀመጠው ዝም ብሎ አልነበረም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ሳይንሱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

የኛ ገበታ

የወይራ ዘይትና ሳልሞን ስለሌለን ተስፋ የምንቆርጥበት ምክንያት የለም። የጥናቶቹን ምግብ ስም ትተን ዓይነቱን እንይ። ያልተፈተገ እህል? ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ነው የሚፈጨው። ገብስ በሶና ቅንጬ ሆኖ አለ። ጥራጥሬ? በዚህስ ማን ይስተካከለናል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ። የጾም ቀኖቻችን ብዛት በዚህ በኩል በረከት ነው። ፍሬ? ኦቾሎኒ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ አለ። ተልባ ደግሞ ከዕፅዋት ከሚገኘው የኦሜጋ 3 ዓይነት የበለጸገ ነው። ዓሣም ከጣናና ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይወጣል፤ የምንበላው ግን ጥቂት ነው።

የጎደለን አትክልትና ፍራፍሬ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የጤና ቅኝት፣ ከአሥር አዋቂዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበሉ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 400 ግራም በቀን ነው። እኛ ቤት ጎመን ከወጡ ዳር የምትቀመጥ ማጣፈጫ ናት። ሽሮው መሐል ቦታ ይይዛል፣ ሰላጣ ለዓመት በዓል ነው፣ ፍራፍሬ ለበሽተኛ ጥየቃ ነው።

የኑሮ ውድነቱን አላልፈውም። በስማይልስ ጥናት አዲሱ አመጋገብ ከድሮው ርካሽ ሆኖ ነው የተገኘው። በሳምንት ከ138 ወደ 112 የአውስትራሊያ ዶላር ወርዷል። ምክንያቱም እዚያ ሰዎቹ ድሮ ገንዘባቸውን የሚያወጡት ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ምግብ ላይ ነበር። እኛ ጋ ይህ ሒሳብ በቀጥታ አይሠራም። እንቁላልና ፓፓያ ለብዙ ቤት ቅንጦት ሆነዋል። ግን በከፊል ይሠራል። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ችፕስና ኢንዶሚ የሚበሉት ብር አለ። በዚያ ብር ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ስኳር ድንች ይገዛል። ሽሮው ላይ ዘይቱን ቀነስ አድርጎ ቲማቲም መጨመርም ያን ያህል ወጪ የለውም። ድባቴ ላለበት ሰው የሚቀርበው ምግብ ፍጹም እንዲሆን አልጠብቅም። ከትናንቱ ትንሽ የተሻለ ከሆነ ይበቃል።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ምርቃናው ሲወርድ ስሜቱም አብሮ ይወርዳል። እንቅልፍ ይጠፋል። ከዚያ ለጨብሲ ይወጣል። አልኮል ደግሞ ለጊዜው የሚያረሳሳ ቢመስልም ድባቴን ያከብዳል። ብዙ ወጣቶች ድብርታቸውን ለማባረር የገቡበት ይህ ዙር ነው ምግባቸውንም እንቅልፋቸውንም የወሰደባቸው። ለእነሱ «አትክልት ብሉ» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ከዚህ ዙር የሚያወጣቸው እርዳታ ይፈልጋሉ።

ከክኒኑ ጎን

አገራችን ውስጥ ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። ሁለቱም ከምግብ ጋር ጉዳይ አላቸው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። አፉ የደረቀበት ሰው ለስላሳ ይመኛል። ውኃ አጠገቡ ይቀመጥለት። ሆድ ድርቀቱን ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ፓፓያና ውኃ ያቀሉታል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ጠዋት ቁርስ ቀምሶ መውሰድ ብዙዎችን ይረዳል። ሁለቱም ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ችግሩ ደርሶበታል፤ ጥቅሙ ገና አልደረሰውም። ምግቡ በደንብ የሚያግዘው ይህን ጊዜ እንዲሻገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስሜቱ ከተሻለ በኋላም መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የጾም ነገርም አለ። መጾም የሚፈልግ በሽተኛ ለሐኪሙ ይንገር። የክኒኑን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ በዝምታ ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው። በተለይ ሊትየም የተባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠንቀቅ ማለት አለበት። ውኃ ሳይጠጡ መዋል የሊትየሙን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ሊመርዝ ይችላል። ጽኑ ሕመም ላይ ያለ ሰው ስለ ጾም ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር ደግሞ በእምነቱም አዲስ ነገር አይደለም።

ጸበልንም በዚሁ ላንሳ። ብዙ ቤተሰብ ድባቴ የያዘውን ልጁን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጸበል ነው። ይህን አልነቅፍም። እዚያ ጸሎት አለ፣ ሰው አለ፣ ተስፋ አለ። የሚያሳስበኝ «መድኃኒቱን ተው» ሲባል ነው። በ1999 ዓ.ም. በኤች አይ ቪ ጊዜ ይህንኑ አይተናል። እንጦጦ ጸበል ላይ የነበሩ ሕሙማን መድኃኒት ይተዉ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናገሩ። ለድባቴም ያው ቃል ደጋግሞ ቢነገር ብዙ ሰው ይተርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከምርመራ ጋር። ድባቴ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች አሉ። የደም ማነስ ያደክማል። የታይሮይድ እጢ ሥራ ሲቀንስ ስሜት ይጨፈግጋል። የእንስሳት ተዋጽኦ ለረጅም ጊዜ የማይበላ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ይችላል። ይህም ድካምና የስሜት መውደቅ ያመጣል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ጉድለት ከተገኘ ክኒኑ ወይም መርፌው በእርግጥ ይሠራል። ቅድም ስለ ቫይታሚን ያልኩት ጉድለት ሳይታወቅ ከፋርማሲ ገዝቶ ስለመዋጥ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን አስባለሁ። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት የምትበላው ሌላው ሁሉ ከበላ በኋላ፣ ብቻዋን፣ ቆማ ነው። አሜሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወንድም መኪና ውስጥ በርገር ይበላል፤ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው የለም። እነዚህ ሰዎች ላይ ምግቡም ጓደኛውም አንድ ላይ ነው የሄደባቸው። ስማይልስ ውስጥ ምግብና ጨዋታ በሁለት ቡድን ተለያይተው ነበር፤ ለጥናት ስለሚያስፈልግ። በእኛ ባህል ግን ተለያይተው አያውቁም። ብቻውን የሚበላን ሰው እናቶቻችን በበጎ አያዩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራት ሆኖ ቤት ኪራዩን ሳይሆን ድስቱን መጋራት ይቻላል። ሽሮው ብዙ ከተሠራ ለሳምንቱ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል።

በምግብ የማይጠበቅበት ሰዓትም አለ። ሰውየው ስለ መሞት ካወራ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ፣ ምንም እህልና ውኃ አልቀምስም ካለ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ያን ዕለት ሐኪም ቤት ይወሰድ። ብቻውን አይተው። ክኒኖቹንም የቤተሰብ ሰው ይያዛቸው። አሚትሪፕቲሊን በአንዴ በብዛት ከተወሰደ ይገድላል።

ይህ ከሌለ ግን እዝኑን ይዛችሁ ሂዱ። «ምን ላምጣልህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መምረጥ ራሱ ለእሱ ሸክም ነው። «ምንም» ይላችኋል። ሳትጠይቁ ውሰዱ። ትንሽ ይሁን። ትልቅ ሳህን ሲያይ ይደክመዋል። ለማኘክ የማይከብድ ነገር፣ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ ምስር ሾርባ፣ የተላጠ ብርቱካን። አብራችሁ ብሉ። ካልበላ አትቆጡ፣ ስለ ምግቡም ብዙ አታውሩ። ክኒኑን መውሰዱን በዚያው ጠይቁ። ነገም ተመለሱ። አራስ ቤት ገንፎ ይዘን ስንሄድ እናቲቱን ስለ አመጋገብ አናስተምራትም። እናጎርሳታለን።

አንዲት ጓደኛዬ አለች። ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ብቻዋን። ሕመሙ ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ጀመረች። መብላት ግን አልቻለችም። እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት በሯ ለቀናት ሳይከፈት ሲቀር አንኳኩ። ምን እንደሆነች አልጠየቋትም። የጎመንና የምስር ወጥ በአንድ ሳህን አድርገው ሰጧትና «ሳህኔን ነገ መልሺልኝ፣ ሌላ የለኝም» አሏት። ሌላ ሳህን እንዳላቸው ታውቃለች። በነጋታው ግን መመለስ ነበረባት። ስትመልስ «ግቢ፣ ቡና ላይ ነን» ተባለች። ሌላ ሳህን ይዛ ተመለሰች። እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። መድኃኒቱም መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን ሳህኑን አጥባ ስታበቃ ባዶውን መመለስ ከበዳት። ሰው ያበደረውን ሳህን ባዶ መመለስ ነውር ነው። ገብስና ሽምብራ ነበራት። ተነስታ ንፍሮ ቀቀለች።